ሥዕሉ ከኩባያው ጋር ተነሣ

አንዲት እናት ዕቃ ቤቷን ስታጸዳ ያገኘችውን በካርቶን ይዛ ወደ አንድ አነስተኛ የእደ ጥበብ ሥራ ቤት መጣች። ካርቶኑ ውስጥ ከመታጠቢያ ቤት እድሳት የተረፈ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የግድግዳ ሴራሚክ፣ ልጆቿ ትንንሽ ሳሉ የሣሏቸው ሥዕሎች፣ በቤት ፕሪንተር የታተሙ ፎቶዎችና ማንም የማይከፍታቸው ሲዲዎች ነበሩ። የፈለገችው ግልጽ ነው፤ ካርቶኑ ባዶ ይሁን፣ ከውስጡ ግን ጠረጴዛ ላይ የሚያገለግል የኩባያ ማሳረፊያ ይውጣ። ባለ 6 ሁለት ስብስብ፣ በድምሩ 12 ታዘዘ።

ሥዕሎቹና ፎቶዎቹ ተቆርጠው በነጭ ኮላ ሴራሚኩ ላይ ተለጠፉ። በላያቸው ያው ኮላ 3 ጊዜ ተቀባ። በማግስቱ ሲነኩ ደረቅ ነበሩና ፊት ለፊት ተደራርበው፣ በፕላስቲክ ተጠቅልለው ተላኩ። ቤት ሲደርሱ 4ቱ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ተገኙ፤ ለመለያየት ሲሳቡ የአንዱ ሥዕል ከሌላው ፊት ላይ ቀረ። ከተረፉት በአንዱ ላይ ትኩስ ሻይ የያዘ ኩባያ ተቀመጠ። ኩባያው ሲነሣ ሴራሚኩ አብሮ ተነሣ፤ አየር ላይ እንዳለ ለቀቀና ወድቆ ተሰበረ። ከኩባያው ግርጌ ላይ ክብ የወረቀት ቁራጭ ተለጥፎ ቀረ።

ሴትየዋ ስትመለስ ስለ ተሰበረው ሴራሚክ አንድም ቃል አልተናገረችም። ቁራጩን አውጥታ «እህቴ፣ ይሄ የልጄ ሥዕል ነው፤ ሌላ የለኝም። ማዳን ይቻላል?» አለች። ሠራተኛዋ «ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ይሄኛው አይመለስም» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራትም።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ይሄ ነው፤ መከላከያው ደግሞ ከሁሉ ቀላል ነበር። ዋናው ሥዕል ኮላ ሊነካው አይገባም። ይገለበጣል፣ ቅጂው ይለጠፋል፣ ዋናው በጠፍጣፋ ፋይል ይቀመጣል። ቅጂው በሌዘር ማሽን መሆን አለበት። የሌዘር ቀለም በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ የተጣበቀ የፕላስቲክ ዱቄት ስለሆነ ኮላ ውስጥ ያለው ውሃ አያፈሰውም። አብዛኞቹ የቤት ፕሪንተሮች የሚረጩት ፈሳሽ ቀለም ግን በውሃ የሚሟሟ ነው፤ ብሩሹ ሲያልፍበት ጥቁሩ ወደ ሐምራዊ እየደበዘዘ ይፈሳል። የልጆች ማርከርም እንደዚሁ ነው።

መጠኑም ሲገለበጥ አብሮ ይስተካከላል። በኤ4 ወረቀት ላይ ያለ ሥዕል በ32 በመቶ ቢታተም ቁመቱ 9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆንና ሙሉው ሴራሚኩ ላይ ይገባል፤ በ45 በመቶ ቢታተም ስፋቱ ይሞላል፣ ከቁመቱ ግን የሚቆረጥ ይኖራል። ወረቀቱ እስከ ሴራሚኩ ጠርዝ መድረስ የለበትም፤ በየጎኑ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ባዶ ሲቀር የላይኛው ሽፋን ከሴራሚኩ ጋር በቀጥታ ይያያዝና ጠርዙን ይዘጋዋል። ውሃ ሁልጊዜ የሚገባው በጠርዝ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ደረቅ የመሰለውን ሁሉ ጠንክሯል ብሎ መውሰድ ነበር። ነጭ ኮላ በውሃ ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን የፕላስቲክ ቅንጣቶች ነው። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ይቀራረቡና አንድ ሽፋን ይሆናሉ። ላዩ ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደርቃል፤ ጣት አይይዝም። ከወረቀቱ ሥር ያለው ውሃ ግን መውጫ የለውም፤ ከታች አንጸባራቂው የሴራሚክ ፊት አያሳልፍም፣ ከላይ የደረቀው ሽፋን ይዞታል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር እስከ 4 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሃል ሁለት ፊቶች ተጋጥመው ክብደት ከተጫናቸው ይዋሐዳሉ፤ በፕላስቲክ መጠቅለሉ ደግሞ የቀረችውን የእርጥበት መውጫ ዘጋ። እቃው የግድ ቀድሞ መላክ ካለበት ቆሞ፣ በየመሃሉ የሰም ወረቀት ተደርጎበት ነው የሚታሸገው።

ሆኖም 4 ሳምንት ቢጠበቅ ኖሮም ኩባያው ያንን ሴራሚክ ማንሣቱ አይቀርም ነበር። ሦስተኛው ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተውም ይህንኑ ነው። ነጭ ኮላ የቱንም ያህል ቢደርቅ ሙቀት ሲያገኘው መልሶ ይለሰልሳል፤ መለስለስ የሚጀምረው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው መጠን ነው። ገና የተቀዳ ሻይ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በዚያ ላይ ውሃ ሲነካው ነጣ ብሎ ይሟሽሻል። ኮላ ወረቀት ለመያዝ ጥሩ ነው፤ ኩባያ የሚያርፍበት ፊት መሆን ግን አይችልም። በላዩ ሌላ ሽፋን ያስፈልጋል።

ቀላሉ አማራጭ የዘይት ፖሊዩረቴን ቫርኒሽ ነው። ኮላው ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ከደረቀ በኋላ በስሱ 3 ጊዜ ይቀባል፤ በየመሃሉ ጣሳው ላይ የተጻፈው ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ 24 ሰዓት ገደማ፣ ይጠበቃል፤ ከሚቀጥለው ቅብ በፊት ባለ 320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል ተደርጎ ይታሻል። ነጩን ወረቀት ትንሽ ቢጫ ያደርገዋል፤ ለድሮ ፎቶ ያምርበታል፣ ለልጅ ሥዕል ግን አይመረጥም። ትኩስ ነገር ለማስቀመጥ አንድ ወር ያህል መታገሥ ይገባል። ቫርኒሹ የተጠረገበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጣልም። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ የተጨማደደ ጨርቅ ሙቀቱን አምቆ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ተዘርግቶ ይደርቃል ወይም ውሃ ባለበት የብረት ዕቃ ውስጥ ይነከራል።

ሌላው አማራጭ ኢፖክሲ፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ ነው፤ የበለጠ ያምራል፣ የበለጠም ይጠይቃል። መጀመሪያ መለያው ላይ ስንት ዲግሪ እንደሚችል መነበብ አለበት፤ ተራዎቹ ብዙዎች ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ይለሰልሳሉ፣ የኩባያ ክብ ምልክትም ይቀርባቸዋል። ልኩ በስሌት እንጂ በግምት አይሠራም፦ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት 20 ሚሊ ሊትር ነው። ለ6 ሴራሚክ 120፣ መቀላቀያው ላይ ለሚቀረው 10 ተጨምሮ 130 ሚሊ ሊትር ይሆናል። እኩል በእኩል የሚቀላቀል ዓይነት ከሆነ ከእያንዳንዱ 65 ይወሰዳል። አንዳንዱ 2 ለ1 ነው፣ አንዳንዱ በክብደት ነው የሚለካው። «ቶሎ እንዲጠነክር» ብሎ ማጠንከሪያውን መጨመር ፈጽሞ አይጠቅምም፤ ትርፉ ማጠንከሪያ የሚጣመረው አጥቶ ፊቱ እንደለሰለሰና እጅ እንደያዘ ይቀራል።

ለ3 ደቂቃ ቀስ ተብሎ፣ የዕቃው ግድግዳና ወለል እየተፋቀ ይማሰላል፤ ከዚያ ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ተገልብጦ 1 ደቂቃ ይደገማል። ይህች ሁለተኛ ዕቃ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን ከመጀመሪያው ዕቃ ጥግ በመጣ ያልተቀላቀለ ጠብታ ነው። ሴራሚኮቹ በተገለበጡ ብርጭቆዎች ላይ ከፍ ብለው፣ በውሃ ልክ ተስተካክለው ይጠብቃሉ። ከሥራቸው ጠርዝ ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጠፋል፤ የሚንጠባጠበው እዚያ ላይ ይቀርና በኋላ አብሮ ይላጣል። የክፍሉ ሙቀት ከ21 እስከ 24 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። አረፋው ፈጥኖ በሚያልፍ ነበልባል ይፈነዳል፤ አንድ ቦታ ላይ መቆም ግን ወረቀቱን ያቃጥላል። አቧራ እንዳይወርድበት ካርቶን ይደፋበታል። በ24 ሰዓት ይይዛል፣ ለአገልግሎት ግን በትንሹ 72 ሰዓት ይጠበቃል። ጓንትና የተከፈተ መስኮት የግድ ነው፤ ኢፖክሲ ቆዳን በተደጋጋሚ ከነካ ዕድሜ ልክ የማይለቅ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል።

ወረቀቱ በኮላ በሚገባ ካልተዘጋ ኢፖክሲው ወደ ውስጥ ይሰርግና በዘይት የራሰ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ይፈጥራል። ስለዚህ ከኢፖክሲ በፊት 2 የኮላ ቅብ፣ ጠርዙን ጨምሮ፣ ያስፈልጋል። ወረቀት ሲርስ ስለሚሰፋ ይሸበሸባል፤ በደረቁ ከመለጠፍ ይልቅ ጀርባውን ኮላ ቀብቶ 2 ደቂቃ አቆይቶ መለጠፍና ከመሃል ወደ ዳር በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ መግፋት ይሻላል። ሴራሚኩ ቀድሞ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በአልኮል መጠረግ አለበት፤ የእጅ ቅባት ያለበት ቦታ ላይ ሽፋኑ ይላጣል። ከሥር ቀጭን ቡሽ፣ 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል፣ በሲሊኮን ይለጠፋል። ያለዚያ ሸካራው ጀርባ ጠረጴዛውን ይቧጭራል።

በደንብ የተሠራም ማሳረፊያ በቀዝቃዛ መጠጥ ሊነሣ ይችላል። ከብርጭቆው የሚወርደው ጤዛ በሁለት ለስላሳ ፊቶች መሃል ስስ የውሃ ሽፋን ይሆንና ይይዛቸዋል። ባለ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየተነከረ ፊቱን በስሱ ቢያሽ አንጸባራቂነቱ ይቀንሳል፣ መያዙም ይቀንሳል። ለቀዝቃዛ መጠጥ ግን ሴራሚክ ላይ ከመድከም ሲዲዎቹን መጠቀም የተሻለ ነው። ሲዲ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ፖሊካርቦኔት ከተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ የፈላ ውሃ እንኳ አያጣምመውም። ከአሮጌ ጂንስ በተቆረጠ ክብ በሁለቱም ወገን ሲለበስ ጤዛውን ይመጥጣል። መጠንቀቂያው፦ ጽሑፍ ያለበት ወገን ላይ የብር መልክ ያለው ሽፋን በጣም ስስ ስለሆነ የተለጠፈበትን ይዞ ይላጣል። አስቀድሞ በቢላ ተጭሮ በሰፊ ፕላስተር ይነሣል። ከዚያም በፊት ውስጡ ያለው ይታያል፤ የቤተሰብ ፎቶ ያለበት ሲዲ ብዙ ነው፣ የተላጠ ሲዲ ደግሞ አይነበብም።

ከተመለሱት መካከል ቅጂ ያላቸው ፎቶዎች የተለጠፉባቸው ሴራሚኮች አልተጣሉም። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ከተነከሩ ኮላው ይለሰልሳል፤ በፕላስቲክ መፋቂያ ተፍቀው፣ ታጥበው እንደገና ይሠራሉ።

ስለ ብዛቱ አንድ ነገር መጨመር ተገቢ ነው። ካርቶን ለማቅለል የተጀመረ ሥራ ቤቱን በማሳረፊያ እንዲሞላው መፍቀድ አይገባም። ለአንድ ጠረጴዛ 6 ይበቃል፤ ለዚያ የሚሆን ሥዕል ከመቆረጡ በፊት ይመረጣል። የተረፈው ሴራሚክም ሁሉ አይሠራበትም፤ 5 ወይም 6 ያህሉ ሳይነካ «የመታጠቢያ ቤት» ተብሎ ተጽፎበት ይቀመጣል፤ ግድግዳው ላይ አንዱ ቢሰነጠቅ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ሴራሚክ በኋላ ከገበያ ላይገኝ ይችላልና።