ከጉዳዩ ጋር ያልተያያዙ አስተያየቶች

ደለል ማቆሚያ ገንዳዬ ባለመሙላቱ የተመሰገንኩ ሰው ነኝ። ያውም በጽሑፍ። ደብዳቤው አሁንም ፋይሌ ውስጥ አለ።

የድንጋይ ካባችን ትንሽ ናት። ከአባይ በረሃ አፋፍ ዝቅ ብላ፣ በጎጃም በኩል፣ ተዳፋት ላይ የተለጠፈች። አንድ ዶዘር፣ አንድ ኤክስካቫተር፣ አራት ሲኖ፣ በሳምንት ሁለቴ የሚያመው የድንጋይ መፍጫ ክሬሸር። የምናወጣው ለኖራ ማቃጠያ የሚሄድ በሃ፣ የኖራ ድንጋይ፣ ነው። የኖራ ደንበኛ ደግሞ ነጭናጫ ነው። ምክንያት አለው። ንጹሕ ድንጋይ እንኳ 100 ኪሎ ሲቃጠል እጁ ላይ የሚቀረው 56 ኪሎ ኖራ ነው፤ 44ቱ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። በዚያ ላይ አፈር ቀላቅለህ ስትልክለት መኪናውን ከበር ይመልሰዋል። ስለዚህ ከድንጋዩ በላይ ያለውን አፈር ሙልጭ አድርገን እንገፋለን። ሙልጭ ተደርጎ የተገፋ ተዳፋት ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ለሙያው ሰው አልናገርም።

ዕቅዱን የሠራሁት እኔ ነኝ። በሌላው ነገር ሐሜት የለብኝም። ቤንቹ፣ ድንጋዩ የሚቆረጥበት ደረጃ፣ 6 ሜትር፣ በየመሃሉ መተላለፊያ። የላይ አፈሩ ለብቻው፣ ከሁለት ሜትር ሳይበልጥ ተከምሮ፣ ሣር ተዘርቶበት። ከፍ አድርገህ ብትቆልለው ውስጡ ታፍኖ ይሞታል፤ ካባው ሲዘጋ መልሰህ የምታለብሰው የሞተ አፈር ይሆናል። ይኼን ሁሉ አስቤአለሁ።

ገንዳውንም አስቤበታለሁ። ጎርፉ መጥቶ ይተኛበታል፣ ደለሉ ይረጋል፣ የጠራው ውሃ በወዲያኛው ጫፍ ይወጣል። ሦስት ሄክታር የተገፈፈ መሬት፣ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ግማሹ ይፈሳል ብንል 600 ሜትር ኩብ። ስለዚህ 20 በ15፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር። በወረቀት ላይ ቁልጭ ያለ ነገር። ከካባው በታች ክብ ሆና የጎደጎደች መሬት ነበረች፣ ሣር የለበሰች፣ መሃሏ ላይ አንድ ቁጥቋጦ። ፈጣሪ ግማሹን ቆፍሮ ጠብቆኛል ብዬ ደስ አለኝ። የዶዘር ሰዓት ተረፈ፣ ናፍጣ ተረፈ።

የኖራ ድንጋይ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ጭንቅላቱን ሲይዝ ይታየኛል። ይታገሠኝ።

ሐምሌ ገባ። ሌሊቱን ሲያወርደው ያድርና ጠዋት ስንሄድ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ እስከ ጉልበት ነው። ምሳ በልተን ስንመለስ ጭቃ ብቻ። በማግሥቱም እንዲሁ። መውጫው ላይ የሠራኋት የድንጋይ ማፍሰሻ አንድ ቀን እንኳ ሳትረጥብ ሐምሌ ተጋመሰ።

ፎርማናችን ሃያ ዓመት ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ሰው ነው። ወሬ አያበዛም።

"ኢንጂነር፣ ይኼ ውሃ የት ነው የሚሄደው?"

"ይሰርጋል።"

"ሰርጎስ?"

"ከርሰ ምድር ይገባል። ጥሩ ነገር ነው።"

"እህ" አለና ሄደ። ያቺን "እህ" አሁንም አንዳንድ ሌሊት እሰማታለሁ።

ሌላም ፍንጭ ነበር። የምናፈነዳው ናፍጣ በተቀላቀለበት አሞኒየም ናይትሬት ነው፣ 94 በ6። ርካሽ ነው፣ ውሃ ከነካው ግን ዋጋ የለውም። በክረምት ፈንጂው የሚሞላበት ቀዳዳ ውሃ እየቋጠረ የሚያስለቅሳቸው ካባዎች አሉ። የኛ ቀዳዳዎች በሐምሌ ዝናብ ደረቅ ነበሩ። ውሃው በየስንጥቁ ቁልቁል እየሸሸ መሆኑን መጠርጠር ሲገባኝ አሁንም ደስ አለኝ። የዚያን ክረምት ያልተደሰትኩበት መጥፎ ዜና የለም።

የወሩ ሪፖርት ላይ "ገንዳው ከተጠበቀው በላይ ውጤታማ መሆኑ ተረጋግጧል" ብዬ ጻፍኩ። የወረዳ ባለሙያ መጥቶ ዳሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ወደ ወንዝ የገባ ደለል፣ ዜሮ። ሥራ አስኪያጁ የምስጋና ደብዳቤ አጻፈልኝ፣ ማኅተም ያለው።

ነሐሴ መባቻ ላይ እማማ መጡ።

ከጥበቃው ጋር ሲከራከሩ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። አህያዋ ላይ ሁለት ቢጫ ጄሪካን። አንዱን አውርደው ይዘው ገቡ፤ ላግዝዎት ብል እምቢ አሉ። ጠረጴዛዬ ላይ የካባው ፕላን ተዘርግቶ ነበር። ጄሪካኑን እሱ ላይ ዘጭ አደረጉት።

"ብርጭቆ አለህ ልጄ?"

የሻይ ብርጭቆ ሰጠኋቸው። ቀዱልኝ። ነጭ ነው። ውሃ የበዛበት ወተት ይመስላል።

"የኔ ላም ከነጠፈች ዓመት አለፋት" አሉ። "ምንጩ ግን ሰሞኑን ይታለባል። ቅመሰው እንጂ።"

አልቀመስኩም። እሳቸውም አልገፉኝም። ተቀምጠው ብርጭቆውን ማየት ጀመሩ፣ እኔም ማየት ጀመርኩ። የምለው ጠፍቶኝ ሻይ ይምጣልዎት አልኳቸው።

"በየትኛው ውሃ የተፈላ?"

ዝም አልኩ። እያየነው ከብርጭቆው ሥር ስስ ነጭ ዝቃጭ ረጋ። መሳቢያዬ ውስጥ ድንጋይ የምንፈትንባት የተበረዘች አሲድ አለች፣ በጠብታ ጠርሙስ። የኖራ ድንጋይ ላይ ጠብ ስትል ትፈላለች፣ ሌላው ላይ ዝም ትላለች። ውሃውን ቀስ ብዬ ደፋሁና ዝቃጩ ላይ ሁለት ጠብታ ጣልኩ። ፍሽሽሽ አለ።

"ምን አለህ?" አሉ እማማ።

አገሩ ሁሉ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ዱቄቱ ከየትም ሊመጣ ይችላል ብዬ መከራከር እችል ነበር። ግን ምንጩ እስከዚያ ሐምሌ ድረስ ነጥቶ አያውቅም።

"የኛ ነው አለኝ።"

"እኔም ያልኩት ይኼንኑ ነው።"

ነገሩ ለሙያው ሰው ሀሁ ነው። የኖራ ድንጋይን ውሃ ይበላዋል። ዝናቡ ከአየሩና ከአፈሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሲወርድ ደካማ አሲድ ይሆናል። በስንጥቅ እየገባ፣ ዘመን ሲቆጠር፣ ስንጥቁን ቧንቧ ያደርገዋል። ባሌ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ፣ ያ 15 ኪሎ ሜትር የሚሆነው፣ የወይብ ወንዝ እንዲህ አድርጎ የቦረቦረው የኖራ ድንጋይ ነው። ይኼን ለፈተና ሸምድጄ ኤ አግኝቼበታለሁ። ሣር የለበሰች ክብ ጎድጓዳ ስታይ ከሥሯ ቧንቧ አለ ብለህ ጠርጥር የሚለውም እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ነበር። በአፈር የሚሰርግ ውሃ ይጣራል። በቧንቧ የሚሄድ ግን እንደገባ ይወጣል፣ ጭቃውን፣ ዱቄቱን፣ የናፍጣውን ጠብታ ሳይቀር ይዞ። እኔ ገንዳ አልሠራሁም። መድፈኛ የሌለው ሲንክ ነው የሠራሁት።

እማማን ከሸኘሁ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ ጥፋተኛ መፈለግ ነበር። ብዙም አልደከምኩ። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማውን የሠራልን አማካሪ አለ። ሰውዬውን ቀድሞም አልወደውም። ሪፖርቱ ከሌላ ሪፖርት የተገለበጠ ለመሆኑ ምልክቱ ብዙ ነው። አንድ ገጽ ላይ የሌላ ክልል ወረዳ ስም ሳይነሣ ቀርቷል። የኛን ተዳፋት "ሜዳማ" ይለዋል። "የከርሰ ምድር ውሃ" ከሚለው ርዕስ ሥር ያለው ሁለት መስመር ነው። ያን ሁሉ ብር የከፈልነው ለሁለት መስመር ነው?

ደወልኩ። አንድም ሳልቆጥብ ዘረገፍኩት። አዋጅ ቁጥር 299/1995ን ሳይቀር ጠቀስኩ። የማኅበረሰቡ አስተያየት በጥናቱ መካተት አለበት ይላል፤ የታለ እዚህ ውስጥ የሕዝቡ አስተያየት? አልኩት።

አልተቆጣም። ወረቀት ሲገልጥ ይሰማኛል።

"አባሪ 4 አጠገብህ አለ?"

"አለ።"

"ሁለተኛው ገጽ፣ ከታች።"

ገለጥኩ። የሕዝብ ምክክሩ ቃለ ጉባኤ ነው፣ በእጅ የተጻፈ፣ ፎቶ ኮፒ። የእጅ ጽሑፉን ዐወቅኩት። እናቴም ብታየው ታውቀዋለች።

"አንብበው እስኪ" አለኝ።

"ሌሎች ከጉዳዩ ጋር ያልተያያዙ አስተያየቶችም ተሰጥተዋል።"

"እኔ ያን ቀን አልነበርኩም። ከናንተ ቢሮ ነው የተላከልኝ። ያልተያያዙት ምን ነበሩ?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ትዝ አለኝ። ዋርካው ሥር ነን። አማካሪው መኪና ተበላሽቶብኝ ነው ብሎ ቀርቷል፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ጠፍቶ እኔ ተመረጥኩ። ስለ ካሣ ተወራ፣ ጻፍኩ። ስለ ቅጥር፣ ጻፍኩ። ስለ መንገዱ አቧራ፣ ጻፍኩ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ስለ ልጅነታቸው ነው የሚያወሩት። ከብት ሲጠብቁ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ያቺ ጎድጓዳ ውስጥ ጭድ ይጥላሉ። ከዚያ ቁልቁል ሮጠው ምንጩ ዳር ይቆማሉ። ጭዱ መቼ ይወጣል ብለው ይወራረዳሉ። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ልጅ አምርሮ ማልቀሱን ሁሉ ተናገሩ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ሰዓቴን አየሁ። ፀሐዩ በርትቷል። ያቺን መስመር ጻፍኩ።

የሙያው ሰዎች ይኼን ሙከራ በቀለም ይሠሩታል። ፍሎረሰይን የሚባል አረንጓዴ ቀለም ውሃው ከሚገባበት ይጨምሩና ምንጩ ላይ ይጠብቃሉ። ሽማግሌው ገና እረኛ ሳሉ በጭድ ጨርሰውታል። ውጤቱንም በነጻ፣ ቁፋሮው ሳይጀመር፣ በሕዝብ ፊት ነግረውኛል።

"የልጆች ጨዋታ ነው" አልኩት አማካሪውን፣ ስልኩንም ዘጋሁ። ዋሽቻለሁ አልልም። (ሜዳማ ያለውን ግን አሁንም አልተውኩለትም።)

ቀሪው ሥራ ነው፣ አላረዝመውም። ክሬሸሩ ቆመ። ለመንደሩ በቦቴ ውሃ አመላለስን። ሥራ አስኪያጁ ጉድጓዱን በኮንክሪት ድፈነው አለኝ፣ እኔም ተስማምቼ ሲሚንቶ ቆጥሬ ነበር። ሽማግሌው ሊያዩ መጥተው "ብትደፍኑት ምንጩ ምን ይጠጣል?" ሲሉን ነው የነቃነው። እውነትም ያቺ ጎድጓዳ የምንጩ ጉሮሮ ናት። ስለዚህ ደለሏን በአካፋ ጠርገን አጠርናት። የካባውን ጎርፍ በቦይ ቀለበስነው፤ ካልተነካው ተዳፋት የሚመጣው ውሃ ብቻ ይግባባት ተባለ። አዲሱን ገንዳ ወደ ጎን ቆፍረን ወለሉን ከደጋው ባመጣነው መረሬ አፈር ለብጠን ጠቀጠቅነው። መረሬ እርጥብ ሲሆን ውሃ አያሳልፍም። በበጋ ሲደርቅ ግን እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ያለ ልብስ እንዳትተወው ያለኝ ፎርማኑ ነው። በላዩ የክሬሸር ደቃቅ አለበስንለት።

አዲሱ ገንዳ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጢም ብሎ ሞላ፣ በማፍሰሻውም ወረደ። ሥራ አስኪያጁ ዳሩ ላይ ቆሞ በቅሬታ አየው።

"የድሮው እንዲህ አያደርግም ነበር" አለ።

መስከረም ላይ ምንጩ ጠራ። ሁለተኛ ምክክር ተጠራ፣ እዚያው ዋርካ ሥር። ቃለ ጉባኤውን እኔ እይዛለሁ አልኩ። ሁሉንም ጻፍኩ። የአቧራውን፣ የአህያ መንገዱን፣ ፈንጂ የሚፈነዳ ቀን ቀድሞ ይነገረን ያሉትን። እማማ መሃል ላይ "ስናስልም ይጽፋል እንዴ ይኼ ልጅ?" አሉ። ሰው ሳቀ። ስጨርስ ከአናት እስከ ግርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ያኔ ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"መልካም ነው" አሉ። "የባለፈውንም እስኪ አንብብልን። ያኔ ሳታነብልን ነው የሄድከው።"

ሪፖርቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ከነአባሪው። ቦርሳው ጉልበቴ ላይ ነው።

"ቢሮ ቀርቷል አባባ" አልኳቸው።