ደብዳቤህ ላይ «ስፖርት» ብቻ እንዳታስጽፍ

ጎንደር ተቀምጦ ለውጭ ሚዲያ እንዴት እንደሚዘገብ የሚጠይቀኝ ልጅ ስለበዛ ልጻፈው።

አጀማመሬ ቀላል ነበር። በአካባቢ ሬዲዮ የፋሲል ከነማን ጨዋታዎች እዘግብ ነበር። አፄዎቹ በ2013 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሱ፣ ቀጥሎም በቻምፒየንስ ሊጉ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ሲገናኙ፣ አንድ የውጭ አዘጋጅ ከዚሁ የሚጽፍለት ሰው ፈለገ። ጻፍኩለት፣ ወደደው። የፈቃድ ደብዳቤም መጣልኝ። የሥራው ዓይነት፦ ስፖርት።

ጉዱ የመጣው አዘጋጁ ጥምቀትን ሥራልኝ ሲለኝ ነው። በዓሉ በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ፈረንጆቹ ይፈልጉታል። ደብዳቤዬን ይዤ አንድ ቢሮ ገባሁ። ሰውዬው ደጋግሞ አነበበው፤ ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየ።

«ጥምቀት ስፖርት ነው እንዴ?»

አዘጋጁ በኢሜይል የላከልኝን ተጨማሪ ደብዳቤ አወጣሁ።

«ክብ ማህተሙስ?»

«ጌታዬ፣ እነሱ አገር በፊርማ ነው የሚሠሩት።»

«እኛ አገር በማህተም ነው!»

ከዚያማ ነገ ተመለስ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አዲስ አበባ አጽፈህ አምጣ። ከተራ ደረሰ፣ ወረቀቱ አልደረሰም።

ጥር 11 ንጋት ላይ ካሜራዬን ቤት ትቼ ፋሲለደስ መዋኛ ሄድኩ። እንጨት መቀመጫው ላይ የተደረደሩት ቱሪስቶች ክንድ የሚያህል ሌንስ ደግነዋል። ውሃው ተባርኮ ወጣቶቹ ዘለው ሲገቡ አጠገቤ ያለው ጎረምሳ በስልኩ ለቲክቶክ ይቀርጻል። ማህተም የተጠየቅኩት እኔ ብቻ! ያውም በተወለድኩበት ከተማ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። አዘጋጁ ፎቶውን ከዜና ወኪል ገዛ። ጽሑፉ ግን የኔ ነው፣ ስሜም አለበት።

እና ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ቢሮ ያሉት «የሥራውን ዓይነት በዝርዝር አስጽፍ» ይሉሃል። አትስማቸው። «ዜናና ዘገባ» ይበቃል። ግልባጭ ለሚመለከተው ሁሉ አድርስ። መዝገብ ቤት አስገብተህ ቁጥሩን ያዝ፤ ያለ ቁጥር ደብዳቤህ ጠፋ ቢሉህ መከራከሪያ የለህም። ከአዘጋጅህ ጋር ሰዓት ስትቀጣጠር የማን ሰዓት እንደሆነ ጠይቅ፤ የኛ 2 ሰዓት የነሱ 8 ነው። በቃሉ «ችግር የለም፣ ሥራህን ቀጥል» የሚልህ ኃላፊ ካገኘህ አመስግነህ ያንኑ በጽሑፍ ለምነው። እኔን እንዲያ ያለኝ ሰው ጥምቀት ሳይደርስ ተዛውሯል።