ጶላንድ

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ከልጄ ጋር በሻማ «ስም፣ አገር፣ እንስሳ፣ ዕቃ» ተጫወትን። ፊደሉን በልቧ ስትቆጥር «በቃ!» አልኳት፤ ጰ ላይ ቆማለች።

ስሙ ቀላል ነው፤ ጴጥሮስ። እንስሳው ግን ከየት ይምጣ? እናቴ ከጥግ ሆና «ጳጳስ፣ ጳጉሜን፣ ጰራቅሊጦስ» እያለች ታቀብለናለች።

«እማማ፣ ጳጳስ እንስሳ ነው እንዴ?»

«አፍሽን ያዢ!»

ወረቀቷን ሳየው በአገር ቦታ «ጶላንድ» ብላ ጽፋለች። በ«ፖ» ነው ብዬ ልሰርዝ ብዕሬን አነሳሁ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። እናቴ የደረደረቻቸው ቃላት ሁሉ እኮ ከግሪክ የመጡ ናቸው። ጳጉሜን ሳይቀር! ለእነሱ በሩን የከፈተ ፊደል ፖላንድ ላይ ሲደርስ ለምን ይዘጋል? አምስት ነጥብ ሰጠኋት።

«ለእኔስ ስንት ያዝክልኝ?» አለች እናቴ።