ሱባኤ ከመግባትሽ በፊት ለዋሶችሽ ንገሪ

ይህን የምጽፈው ዕዳ አንቆት፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» እያለ በሩን ለዘጋ ሰው ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። እግዚአብሔርስ በእርግጥ ያውቅ ነበር። የማያውቁት ዋሶቼ ነበሩ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ከአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም 60,000 ብር ተበድሬ 12 የመንዝ በግ ገዛሁ። ብድሩ የቡድን ነው፤ አምስት ሴቶች እርስ በርስ ተዋዋስን፣ መክፈያው ሐምሌ 30። በግ ማድለብ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ገለባ፣ ፉርሽካ፣ ጨው፣ የሆድ ትል መድኃኒት፤ ሦስት ወር ይቀለባል፣ ለፋሲካ ይወጣል፣ አለቀ።

ያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ። መንገዱ ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ተዘጋ። ግጭቱ ከበረታበት ከነሐሴ 2015 ወዲህ የእኛ አገር መንገድ ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ይዘጋ ነበር፤ ዳታም አልነበረም፣ ማን መጣ ማን ቀረ የሚታወቀው መናኸሪያ ቆሞ በመጠየቅ ነበር። የአዲስ አበባ ነጋዴ አልመጣም። ገበያው በግ ብቻ ሆነ። አምስቱን በኪሳራ ሸጥኩ፣ ሁለቱ የሰኔ ዝናብ ሲገባ ሳል ይዟቸው ሞቱ፣ አምስቱ ቀሩ። የቀሩትም ቆመው ይበላሉ። ባለቤቴ የግንባታ ሠራተኛ ነው፤ የእሱም ሥራ ቆሟል።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንቃት የጀመርኩት ያኔ ነው። ቆርቆሮውን እያየሁ እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ፣ ያው ነው። አንድ ሌሊት ዳዊቱን አነሳሁና መዝሙር 135ን ገለጥኩ። በሳምንቱ ድርሻ የቅዳሜ ነው፤ ጭንቀት ግን ቀን አይመርጥም። 26 ቁጥር አለው፣ እያንዳንዱ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ብሎ ያርፋል። ሰማዩን ያነሳል፣ ፀሐይና ጨረቃን ያነሳል፣ ፈርዖንን በኤርትራ ባሕር ይጥላል፣ ሴዎንና ዐግ የሚባሉ ሁለት ነገሥታትን ይጥላል፤ ያን ሁሉ ካወራ በኋላ መጨረሻው አካባቢ ለሥጋ ለባሽ ሁሉ ምግብ እንደሚሰጥ ይናገራል። ባሕር መክፈሉና እንጀራ መስጠቱ እኩል ተቆጠሩ ማለት ነው። እኔም የራሴን ቁጥር መጨመር ጀመርኩ። ፉርሽካ በዱቤ ሰጡኝ፣ ምሕረቱ ለዘላለም ነውና። የትንሹ ልጅ ትኩሳት ለቀቀው፣ ምሕረቱ ለዘላለም ነውና። አሥር ሳልደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። ይህን ዛሬም አደርገዋለሁ፣ ለማንም እመክራለሁ።

የተበላሸው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ሰኔ ላይ በእጄ 20,000 ብር ነበር። ይዤ ተቋሙ ሄድኩ። የብድር ሠራተኛው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ሙሉውን ካልሆነ አትምጪ» አለኝ። ማራዘሚያ ብጠይቅስ ስለው «እንዲህ የሚባል ነገር እኛ ጋ የለም» አለ። እኔም አመንኩት። ምናልባት የቀበሌ ደብዳቤ ብይዝ ይሰማኝ ይሆናል ብዬ ቀበሌ ተመላለስኩ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ነው። በሁለተኛው መብራት የለም፣ መጻፍ አይቻልም። በሦስተኛው ሰውየው አለ፣ የመሳቢያው ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ ነው። በአራተኛው «የቤት ኪራይ ውልሽን አምጪ» ተባልኩ። እዚያው ቀበሌ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ! ተናድጄ ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ለራሴ «ሰውን ከመለመን እግዚአብሔርን መለመን» አልኩ።

ሲሉት ደስ የሚል ቃል ነው። የእኔ ግን እምነት አልነበረም፣ ኩርፊያ ነበር፤ ከታችም ኩራት አለበት። ያ 20,000 ብር ደግሞ ቤት ተቀምጦ አልጠበቀኝም። በጤፍ፣ በፉርሽካ፣ በልጆች ደብተር 11,000 ሆነ። ስለዚህ የእኔ ምክር ከእነሱ ትእዛዝ ጋር አይገጥምም፤ ሙሉውን ካልሆነ ቢሉሽም ያለሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት ላይ ቁጭ አድርጊው፣ ደረሰኝሽን ተቀበዪ። የቀበሌውን ደብዳቤ ደግሞ በማትፈልጊው ጊዜ አውጥተሽ አስቀምጪ።

በየወሩ በ21 የማርያም ማኅበር አለን። ከዋሶቼ ሁለቱ እዚያው ናቸው። «በጎቹስ እንዴት ናቸው?» ይሉኛል፣ «ተመስገን» እላለሁ። ግንቦት ተመስገን፣ ሰኔ ተመስገን፣ ሐምሌ ተመስገን። ተመስገን ማለት ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ቃሉን እንደ መጋረጃ ነበር የምጠቀምበት። ሱባኤ መግባት እንደምፈልግ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ዕዳና ቂም የለብሽም?» ብለው ነው። «ቂም የለብኝም አባ» አልኩ። ግማሹን ብቻ እንደመለስኩ ሳያውቁ የቀሩ አይመስለኝም። ትንሽ አዩኝና «በርቺ» አሉኝ።

የፍልሰታ ጾም ሲገባ ነሐሴ 1 ቀን ጻድቃኔ ማርያም ሄድኩ። ጉዞው ጭቃና መጨናነቅ ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ሁለት ጋቢ ያዙ፣ በክረምት አንዱ አይበቃም። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ አጠገቤ የነበረች እናት የደም ግፊት ኪኒናዋን «ጠበል እየጠጣሁ አልውጥም» ብላ ቤት ትታ መጥታ በሦስተኛው ቀን ራሷን ሳተች። ኪኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጠበሉ አይቀየምም።

ሰባቱ ቀን መልካም ነበር፣ አልክድም። ሌሊት ኪዳን፣ ቀን ቅዳሴ፣ ከዚያ ጠበል፣ ከዚያ ዝም ብሎ መቀመጥ። ልቤ ረጋ። አንድ ቀን ሰባኪው ስለ ኤልያስ አስተማሩ። በረሃብ ዘመን ቁራዎች ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት ነበር። ከዚያ ወንዙ ደረቀ፣ እግዚአብሔርም ወደ ሰራፕታ ላከው፣ አንዲት መበለት እንድትመግበው አዝዣለሁ ብሎ። ሴትዮዋ የነበራት አንድ እፍኝ ዱቄት ነው፣ ለራሷና ለልጇ ጋግራ ቀምሰው ሊሞቱ። ኤልያስ በከተማው በር እንጨት ስትለቅም አግኝቷት አፉን አውጥቶ ለመናት። ይህን ሁሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ልቤ የገባው ግን ቁራው ብቻ ነበር። ሰባት ቀን ሙሉ ቁራ ስጠብቅ ሰነበትኩ።

ነሐሴ 9 ከሰዓት በኋላ ቤቴ ስደርስ እትዬ በሬ ላይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። ከዋሶቼ ታላቋ እሳቸው ናቸው።

«እንኳን ደኅና መጣሽ። ለእኛም ጸለይሽልን?»

«ጸለይኩ እንጂ እትዬ፣ በስም እየጠራሁ።»

ዝም አሉ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ወደ ትከሻቸው መለሱት። ጆሯቸው ባዶ ነው። እትዬን ካወቅኳቸው ጀምሮ ያቺ የሠርጋቸው የወርቅ ጉትቻ ከጆሯቸው ወርዳ አይቼ አላውቅም። ቀዳዳው ከክብደቱ የተነሳ ወደ ታች ተስቦ ቀጭን መስመር ሆኗል፤ ያኔ ነው ያየሁት።

እኔ በሄድኩ በሦስተኛው ቀን ያ ሠራተኛ አራቱንም ቤት ለቤት ዞሮ ነበር። ቁጠባችሁ ታግዷል፣ እያንዳንዳችሁ 15,000 ብር ካላስገባችሁ ማንኛችሁም አዲስ ብድር አታገኙም ብሏቸው ነበር። እትዬ ለጠላ እህል መግዣ ብድር ወረፋ ላይ ነበሩ። ሦስቱ የሚከፍሉት አልነበራቸውም። እሳቸው ሸጡ።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ «እንቁጣጣሽ አንድ ወር ነበር የቀረው። ብትነግሪን ምን ብለን ምን ብለን አናሻግርሽም ነበር?»

ተነሥተው ሄዱ። የጠበሉን ጀሪካን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ነሐሴ 21 ማኅበሩ ላይ ጠበል ጻዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ብሩን፣ ቀኑን፣ ውሸቴን። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ብርጭቆውን አስቀመጥኩት። አንደኛዋ ሳልጨርስ «እኛን ሰው አላደረግሽንም ማለት ነው» ብላ ፊቷን አዞረች፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰችልኝም። ሌላዋ ግን እዚያው ስልኳን አውጥታ ለሆቴሎች በግ የሚያቀርብ ወንድሟ ጋ ደወለች። ሙሴያችን የእድሩንም ሊቀመንበር ስለሚያውቁ ማልደው ሊያናግሩልኝ ተነሡ። ሦስት ወር ያሳረረኝ ነገር ቡናው አቦል ሳይወርድ መልክ ያዘ።

አምስቱ በግ ለእንቁጣጣሽ 47,000 ብር አወጡ። የተቋሙን የቀረ 45,000 ብር ዘጋሁ። ከእድሩ 10,000 ተበድሬ ከቀረኝ ጋር ጨምሬ የእትዬን 15,000 መለስኩ። ገንዘቡን ላስገባ የሄድኩ ቀን አንድ ገበሬ ጠረጴዛው ላይ ቅጽ ሲሞላ አየሁ። «የብድር ጊዜ ማራዘሚያ መጠየቂያ» ይላል። አንድ ገጽ ነው። የዋሶች ፊርማ የሚሆን አራት መስመር አለው። ያ ሠራተኛ አጠገቡ ቆሞ የት ላይ እንደሚፈርም ያሳየዋል። ምንም አላልኩትም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

«ለነገ አትጨነቁ» የሚለውን ቃል አምናለሁ። ነገር ግን ሐምሌ 30 በወረቀት ላይ የተጻፈ ቀን ነው፣ አራት ሴቶች ፈርመውበታል፣ እሱን ለሰዎቹ መንገር ጭንቀት አይባልም። ሱባኤም እንደገና እገባለሁ። በሚቀጥለው ግን አባቴ «ዕዳና ቂም?» ሲሉኝ ሁለቱንም እመልሳለሁ።

የእትዬ ነገር አላለቀም። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን የተባለው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፤ እሳቸው ጉትቻቸውን የሸጡት ከዚያ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነው፣ ወርቅ መሮጥ በጀመረበት ሰሞን። የመለስኩላቸው 15,000 ብር ዛሬ አንዱን ጉትቻ እንኳ አይገዛም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ አስቀምጣለሁ፤ ወርቅ ቤት ሄጄ ስጠይቅ ሁልጊዜ ቀድሞኝ ሄዷል። እትዬ «ተይው» ይላሉ። ባለፈው 21 አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ፤ ቀዳዳው እንዳይደፈን ስንደዶ ቆርጠው ሰክተውበታል።