ቀዶ ጥገናው ነጻ ነው፤ ማን ይወስዳታል?

ድሬ ለእረፍት የገባ ዳያስፖራ ከሦስት ነገር አያመልጥም፤ ከሠርግ፣ ከለቅሶ እና ከመዋጮ። የእኔ መዋጮ በዚህ ዙር የመጣው በምሳ በኩል ነው። አብሮ አደጌ ደወለና «አቦ፣ ነገ ምሳ ሰዓት ምን አለህ?» አለኝ። ምንም የለኝም። «በቃ ከዚራ ና። ክለባችን የዓይን ሐኪም ጋብዟል። ደግሞ ሱሪ ልበስ፣ በሽርጥ እንዳትመጣ።»

ክለብ ሲል የኳስ አይደለም። ሮታሪና ላየንስ የሚባሉት ዓይነት ነው። ነጋዴው፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁ፣ መምህሩ፣ ፋርማሲስቱ በየጊዜው ምሳ ላይ ይገናኙና ለከተማቸው የሆነ ነገር ይሠራሉ። እኔ በምኖርበት በኮሎምበስ፣ ኦሃዮም ሞልተዋል። አንድ ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ፈረንጅ የሥራ ባልደረባ አለኝ፣ ላየንስ ነው፣ አንዳንዴ ይዞኝ ይሄዳል። ደወል ይደወላል፣ ባንዲራ ፊት ይቆማል፣ ዶሮና ፎሶልያ ይበላል፣ ከዚያ አንድ ሰውዬ ቆርቆሮ ይዞ እየዞረ ያረፈደውንም፣ ስልኩ የጮኸበትንም፣ የልጅ ልጅ የተወለደለትንም ይቀጣል። ቅጣቱ ለበጎ ሥራ ይውላል። መጀመሪያ ሳየው የሕፃናት ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ግን ዕቁብና ዕድር ያለው አገር ልጅ በዚህ ሊስቅ አይችልም።

ላየንሶች ከዓይን ጋር የተጣበቁበት ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1925 ሔለን ኬለር፣ ማየትም መስማትም የማትችለዋ ታዋቂ ጸሐፊ፣ እዚያው ኦሃዮ ሴዳር ፖይንት በተባለ ቦታ በተካሄደ ጉባኤያቸው ላይ ተገኝታ ለዓይነ ስውራን እንዲቆሙ ተማጸነቻቸው። እነሱም ቃሏን ያዙ። ዛሬ መንገድ ላይ የምናየውን ነጭ በትር በ1930 አካባቢ በአሜሪካ ካስተዋወቁት አንዱ የኢሊኖይ ላየንስ ነበር። በ1990 ደግሞ መታወርን ለመከላከል የራሱ ስም ያለው ትልቅ ፕሮግራም ጀመሩ። ወደኛም አገር ደርሰዋል። ከካርተር ማዕከል ጋር ሆነው አማራ ክልል ውስጥ ትራኮማ በተባለው ተላላፊ የዓይን በሽታ ላይ ብዙ ዓመት ሠርተዋል።

ወደ ድሬ ልመለስ።

ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ንግግር ማድረግ ድፍረት ነው። ሩዝ በሥጋው ተበልቶ፣ የማንጎ ጁሱ ተጠጥቶ፣ ማራገቢያው ከላይ ትኩሱን አየር እያመሰው፣ የግማሹ ሰው ልብ በርጫው ላይ ነው። ሐኪሟ ይሄ የገባት ይመስለኛል። ላፕቶፗን ዘጋችና «አሳጥረዋለሁ፣ ጫታችሁ ሳይጠወልግ እንጨርሳለን» ብላ ጀመረች። ሳቁ ሲበርድ «እስቲ ቤቱ ውስጥ ወይ ጎረቤቱ ዓይኑን ሞራ የጋረደው ትልቅ ሰው የሌለ እጁን ያውጣ» አለች። እጁን ያወጣ የለም። እኔ የእናቴን እህት አሰብኩ።

ቁጥሩን በአጭሩ ነገረችን። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 የሚሆኑት ዓይነ ስውር እንደሆኑ አሳይቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። ቀጥሎ የመጣው ትራኮማ የሚተወው ጠባሳ ነው። አብዛኛው ደግሞ መከላከል ወይም ማዳን የሚቻል ነበር። «ይኼን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ» አለች። «ሞራ ከውጭ የተለጠፈ ነገር አይደለም። ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ራሱ ነው ጭስ እንደጠጣ የፋኖስ ብርጭቆ የሚደፈርሰው። በጠብታ አይጠራም፣ በቅጠል አይጠራም፣ በጸሎት ብቻ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁት። ይወጣል፣ በቦታው የፕላስቲክ ሌንስ ይገባል፣ አለቀ።»

ሥራው ራሱ አስገረመኝ። ታካሚው አይተኛም፤ ዓይኑ አካባቢ ብቻ ይደነዝዛል። ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ብዙ ጊዜ ስፌት እንኳ አይፈልግም። እጁ የተፍታታ ሐኪም በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። በማግስቱ ፋሻው ይፈታል። ድሮ ግን ለድሃ አገር የማይቀመሰው ሌንሱ ነበር፣ አንዱ በመቶ ዶላር ቤት ይሸጥ ነበር። ሕንድ ማዱራይ ያለው የአራቪንድ የዓይን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1992 የራሱን ፋብሪካ አቋቁሞ ሌንስ ማምረት ሲጀምር፣ ኔፓሎችም እንደዚያው ሲያደርጉ፣ ዋጋው ወደ ጥቂት ዶላር ወረደ። ይሄ አራቪንድ እ.ኤ.አ. በ1976 በ11 አልጋ የተጀመረ ነው። አንድ ሐኪም በሁለት አልጋ መሃል ሆኖ አንዱን ሲጨርስ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ነርሶቹ ቀጣዩን አዘጋጅተው ይጠብቁታል። ከሚከፍለው ተቀብለው የማይችለውን በነጻ ያክማሉ። ዘመቻ እየተባለ በየአገሩ የሚሠራው ቀዶ ጥገና ብዙው ከዚህ አሠራር የተማረ ነው። እኛው አካባቢም፣ ከሐረር ብዙም ባልራቀው በቢሲዲሞ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመኖች እርዳታ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በተቋቋመው ማለቴ ነው፣ የሞራ ዘመቻዎች ተካሂደዋል።

ስለ ትራኮማ ስታወራ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከትንሽነቱ ጀምሮ በተደጋጋሚ የተያዘ ሰው የዓይን ሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል ይጠባሰሳል። ጠባሳው ሽፋኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሽፋሽፍቱ ይቀለበስና ዓይኑ በተርገበገበ ቁጥር ይፍቀዋል። የእናቶቻችን መድኃኒት ወረንጦ ነው፣ እየነቀሉ ይኖራሉ፣ ተመልሶ ይበቅላል። ሴቶች ላይ የሚበዛውም ልጅ ስለሚይዙ ነው፣ በሽታው ከልጆች ፊት፣ ከዝንብና ከፎጣ ነው የሚመጣው። ቀዶ ጥገናው፣ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት፣ ፊት መታጠቡና የአካባቢ ንጽሕናው አራቱ አንድ ላይ ካልሄዱ አይጠፋም። መድኃኒቱን ፋይዘር በነጻ ይሰጣል። ጋና እ.ኤ.አ. በ2018 ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑን እንዳስቀረች የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላታል። እኛ ገና በዓለም ትልቁን ሸክም የተሸከምን ነን። ይሄን ስትል አንድ ሽማግሌ «ውኃ የሌለውን ሰው ፊትህን ታጠብ ማለትም ያሳፍራል» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም፤ ምን ብሎ ይመልሳል?

ጥያቄ ሲከፈት አንድ ከቶሮንቶ የመጣ ወንድማችን ተነሳ። (ዳያስፖራ ማይክ ሲያገኝ ታውቁታላችሁ፤ እኔም እዚያው ነኝ፣ አልሸሸግም።) ያገለገለ መነጽር ሰብስቤ በኮንቴይነር ልላክ አለ። ተጨበጨበለት። ሐኪሟ አመሰገነችና ቀጥ ብላ ነገረችው። «ያ መነጽር ለሌላ ሰው ዓይን የተሠራ ነው። ግማሹ የተጫረ፣ ግማሹ ቁጥሩ ለማንም የማይሆን ነው። እሱን ስንለይና ስናጓጉዝ የምናወጣው ገንዘብ አዲስ የማንበቢያ መነጽር ይገዛል። እኔ የጎደለኝ መነጽር አይደለም።»

«ታዲያ ምን ጎደለሽ?»

«መኪና። እና አጃቢ።»

እዚህ ላይ ነው ጆሮዬ የቆመው። ነጻ ቀዶ ጥገና ይዘጋጃል፣ ሐኪም ከሩቅ ይመጣል፣ ሌንሱ ተገዝቷል፣ ከተመዘገበው ሰው ግን የሚቀረው ብዙ ነው አለች። ማየት የማይችል ሰው ብቻውን አይሄድም። የሚመራው ሰው የቀን ሥራውን ይተዋል። ትራንስፖርት ለሁለት ሰው ነው፣ ምግብም ለሁለት፣ ማደሪያም ለሁለት። ነጻ ተብሎ ቤተሰቡ የወር ገቢውን ያወጣል ማለት ነው። ሴት ከሆነች ደግሞ ወረፋዋ መጨረሻ ነው። ቤት የሚይዝላት የለማ። በብዙ አገር የሚታወሩት ሴቶች ከወንዶች ይበዛሉ፣ ቀዶ ጥገናውን የሚያገኙት ግን ያንሳሉ። ገጠር ደግሞ በትር ይዞ አያቱን የሚመራው ልጅ ትምህርት ቤት አይሄድም። አንድ ሞራ ሁለት ሰው ነው ቤት የሚያስቀምጠው።

ማታ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ገንደ ቆሬ ደጃፏ ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። አንዱ ዓይኗ በሞራ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ሁለተኛው ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ዘይቱ መጋሉን በድምፁ ነው የምታውቀው። ክንዷ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ ላይ በላይ ሳየው ሆዴ ተላወሰ። እኔ ዶላር ስልክላት ኖሬያለሁ፣ ይደርሳት ነበር፣ ለልጆቿ ቤት ኪራይ ታደርገዋለች።

«አክስቴ፣ ለምን አልታከምሽም?»

«ይብሰል አሉኝ።»

«ማን?»

«ሰው ነዋ!» ድሮ ሞራ ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ይጠበቅ ነበር። ዛሬ አይጠበቅም፣ እንዲያውም ሲዘገይ ሥራው ይከብዳል። ይሄን ነገርኳት። «ጎረቤት ደግሞ ዓይንን አውጥተው አጥበው ይመልሱታል አለችኝ» አለች። እሱንም አይደለም አልኳት። ዝም አለችና ትክክለኛውን ምክንያት አመጣችው። «እሺ፣ ሳምቡሳውን ማን ይጥበስ? እኔንስ ማን ይዞኝ ይሂድ? አንተ ነህ?»

እኔ ነኝ አልኩ።

ቀጣዩ ዘመቻ ሐረር በኩል እንደሆነ ሲታወቅ ክለቡ ዝርዝሩን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ወሰደ። እነሱ ቤት ለቤት ዞረው በባትሪ ዓይን አይተዋል፣ ጣት አስቆጥረዋል። እኛ ኮሎምበስ ያለነው የድሬ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። ልብስ አትላኩ፣ መነጽር አትላኩ፣ ለአባዱላ ኪራይ እና ለአጃቢ አበል ላኩ። መጀመሪያ ግራ ተጋቡ። አበል ለዘመድ ይከፈላል እንዴ? አዎ፣ ለቀን ሠራተኛ ልጁ እናቱን ይዞ እንዲሄድ የቀን ገቢው ይተካለታል። አንድ ሁለት ሰው ኩርፊያም ነበረው፤ ገንዘብ ሲገባ ግን ሁሉም ላከ።

ጠዋት ከሙቀቱ በፊት ተነሳን። ደንገጎን ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ሐሮማያን አለፍን፣ አወዳይ ጋ የጫቱ ግርግር መንገዱን ዘጋው። መኪናው ውስጥ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው ተደባልቆ፣ ማን ቀድሞ እንደታወረ ይከራከራሉ። አክስቴ ሳቋ አልቆም አለ። ከመኪናው እስክትወርድ ድረስ ነው ታዲያ፤ ከዚያ እጄን ጨምቃ ያዘች፣ ቀዶ ጥገናው በር ላይ እስኪያስለቅቁኝ ድረስ።

በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ስለ ፊቴ ምንም አላለችም። መቀነቷን ፈትታ ገንዘቧን አወጣች። አንዱን ብር ወደ ዓይኗ አስጠግታ «ይሄ ምንድነው?» አለች። ሁለት መቶ ብር ነው አልኳት። እ.ኤ.አ. በ2020 ብሩ ሲቀየር የወጣ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው። በእጇ ስታዳብሰው ኖራለች እንጂ አይታው አታውቅም። ከዚያ መቁጠር ጀመረች፣ ቆጥራ ስትጨርስ ፊቷ ተለወጠ፣ ሳምቡሳ የሚወስደውን የባለሱቁን ልጅ ስም ጠርታ የተሳደበችውን እዚህ አልጽፈውም።

ሁሉም እንደ እሷ አልሆነም። አንድ አባት አብረውን መጥተው ነበር፣ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፣ ተስፋቸው ከሁላችን ይበልጥ ነበር። ሲመረመሩ የእሳቸው ግላኮማ ሆኖ ተገኘ። ግላኮማ ነርቩን ነው የሚጎዳው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ማቆየት ብቻ ነው። ሐኪሟ ቁጭ ብላ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። «እሺ፣ የቀረችኝን ጠብቂልኝ» አሏት። ስንመለስ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው የደወሌን የባቡር ጉዞ ሲያወሩን መጡ። ጠብታው ግን ነጻ አይደለም፣ በየወሩ ይገዛል፣ ዘመቻ ደግሞ በየወሩ አይመጣም።

ስለዚህ አሁን ግሩፑ ላይ የምንነጋገረው ስለ እሱ ነው። ግማሹ ለጠብታ ቋሚ ገንዘብ እንመድብ ይላል። ግማሹ ደግሞ መጀመሪያ ከ40 በላይ ያለ ሰው ሁሉ የዓይን ግፊቱ እንዲለካ እናድርግ ይላል። አንዱ ደግሞ ባነር አሠርተን ፎቶ እንነሳ አለ፣ እኔ በግሌ ተቃውሜያለሁ፣ አልተኮራረፍንም። አክስቴ ሁለተኛውን ዓይኗን ቀጠሮ ይዛለች። በዚህኛው ዙር አጃቢዋ ልጇ ነው፣ እኔ ኮሎምበስ ተመልሻለሁ። ሾፌሩ ነዳጅ ተወዷል ብሎ ዋጋ ጨምሯል፤ መዋጮ ያልከፈላችሁ ታውቃላችሁ።