የአዳራሹ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር

ለ9 ዓመት የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። እሑድ በጠዋቱ ከፍቼ እገባለሁ፣ ወንበር እደረድራለሁ፣ ሚክሰሩን አበራለሁ፣ ማይኩን ይዤ "ሃሌ ሉያ፣ ሃሌ ሉያ" እላለሁ። ለኔ ሃሌ ሉያ የድምፅ መሞከሪያ ሆኖ ነበር። ረቡዕ ጸሎት እመራለሁ፤ ቅዳሜ የኳየር ልምምድ አለ። ሰው ሲያገኘኝ "አንተማ የጌታ ባሪያ!" ይለኛል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

መጋቢት 2012 ኮሮና መጣና አዳራሾች ተዘጉ። የመጀመሪያው እሑድ ላይ እንደ ልማዴ ከንጋቱ 11 ሰዓት ዓይኔ ፈጠጠ። የምከፍተው በር የለም። እስቲ ልጸልይ ብዬ ሳሎን ተንበረከክሁ። "ጌታ ሆይ፣ ዛሬ በዚህ ስፍራ የተሰበሰበውን ሕዝብህን ባርክ" ብዬ ጀመርኩ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት "የቱን ሕዝብ?" አለችኝ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን የምቀጥለው አጣሁ። ሕዝብ ከሌለ ለካ ለእግዚአብሔር የምነግረው የለኝም!

በዚያ ሰሞን 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3ን አነበብኩ፤ እግዚአብሔር ብላቴናውን ሳሙኤልን በሌሊት የጠራበትን። ታሪኩን ለልጆች ስንቴ አስተምሬዋለሁ፤ "ሳሙኤል፣ ሳሙኤል" እያልኩ፣ ድምፄን እየቀያየርኩ። ቁጥር 7ን ግን ዘልዬው ነው የኖርኩት። ሳሙኤል ገና እግዚአብሔርን አላወቀም ነበር ይላል። የሚተኛው ታቦቱ ባለበት ቤት ነው። ኤፉድ የሚባለውን የካህናት ልብስ ታጥቆ ያገለግላል። ግን አያውቀውም። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ስመለስ፣ የካህኑ የዔሊ ልጆችም አያውቁትም። አንዱ ምስኪን ብላቴና፣ እነዚያ የመሥዋዕት ሥጋ ነጣቂዎች፤ ቤቱ ግን አንድ፣ ሥራውም አንድ። እዚያ መዋል ማደራቸው በራሱ ለማንኛቸውም እግዚአብሔርን አላሳወቃቸውም። ሳሙኤል ግን ሲጠራ "ባሪያህ ይሰማልና ተናገር" አለ።

እሺ፣ እኔስ? መጀመሪያ አበላሸሁት። የጽሞና ፕሮግራም አወጣሁ፤ በቀን አምስት ምዕራፍ፣ አንድ ሰዓት ጸሎት፣ ደብተርና እስክሪብቶ። በሁለት ሳምንት ደብተሩ በስብከት ርዕስ ሞላ። ስለ ራሴ አንድ መስመር የለበትም። የማነበው ለሌላ ሰው ነበር። ደብተሩን ቁም ሣጥን ላይ ወርውሬ የማርቆስን ወንጌል ያዝኩ፤ በቀን አንድ ታሪክ፣ ከዚያ ስላነበብኩት ለጌታ በተራ ቋንቋ ማውራት።

ምዕራፍ 3 ላይ ኢየሱስ አሥራ ሁለቱን የመረጠው "ከእርሱ ጋር እንዲኖሩ" ነው ይላል፤ ለስብከት መላካቸው ከዚያ ይከተላል። ከእርሱ ጋር ልኑር ካልኩ ደግሞ አንድ ነገር መደበቅ አልቻልኩም። ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ውርስ ተጣልተን ሦስት ዓመት አልተነጋገርንም። በነዚያ ሦስት ዓመታት ረቡዕ ረቡዕ ስለ አንድነት አስጸልዬ አውቃለሁ፤ ያውም እያለቀስኩ። አንድ ጠዋት "ጌታ ሆይ፣ ወንድሜን አልወደውም" አልኩ። እንደዚያ ያለ አጭር ጸሎት ጸልዬ አላውቅም። ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። ድምፅ አልሰማሁም፣ ሕልምም አላየሁም። ውስጤ ግን የተሸከሙትን አውርደው እንደሚቀመጡት ዓይነት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ደወልኩለት። ስለ ማስክ ዋጋ አውርተን ዘጋነው። ለመጀመሪያ ቀን አይከፋም።

አዳራሹ ሲከፈት አገልግሎቱን እርግፍ አድርጌ ልተው ብዬ ነበር። ጥፋተኛው እሱ መስሎኝ። ያቆመኝ ያው ሳሙኤል ነው። በዚያ ሁሉ ሌሊት ማግስት፣ ቁጥር 15 ላይ፣ ሲነጋ ተነሥቶ የእግዚአብሔርን ቤት ደጅ ከፈተ። ያው የድሮ ሥራው። እኔም የረቡዕን ጸሎት ለሌላ ወንድም አስረክቤ ቁልፉን አስቀረሁ። አሁን ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ እገባና ሚክሰሩን ሳላበራ ኋለኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አንዳንድ ቀን የምናገረው አይኖረኝም፤ እንቅልፍ የሚጥለኝም ጊዜ አለ።

ማይክ ስሞክር ደግሞ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ነው የምለው።