የሪታን ታሪክ በእንቁላል ለማስተማር ስሞክር

የነርቭ ሥርዓትን ባስተማርኩ ቁጥር የነርቭ ተመራማሪዋን የሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒን ታሪክ አነሳለሁ። የቱሪን አይሁዳዊት ናት፤ በ1936 እ.ኤ.አ. በሕክምና ተመረቀች። የሙሶሊኒ መንግሥት በ1938 ያወጣው የዘር ሕግ ከዩኒቨርሲቲ ሲያስወጣት መኝታ ክፍሏን ላቦራቶሪ አደረገችው፤ የስፌት መርፌ ስላ የቀዶ ጥገና ቢላ ሠራች፤ እንቁላል ውስጥ ያለ የጫጩት ፅንስ እየከፈተች ነርቮቹን ታጠና ነበር። ዓምና አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ እንቁላልና መርፌ እኮ እኛም ቤት አለ» አለኝ። መልስ አጣሁ።

እስቲ እኛም ፅንስ እናሳድግ ብዬ ካርቶን ውስጥ አምፖል፣ አንድ ስኒ ውሃና ቴርሞሜትር አስገባሁ። አምፖሉ የድሮው ዓይነት ይሁን፤ አዲሱ አይሞቅም። ሙቀቱ ከ37 እስከ 38 ዲግሪ መቆየት አለበት። 12 እንቁላል ከሱቅ ገዛሁ። በአምስተኛው ቀን በባትሪ ባበራባቸው ከአስኳል በቀር ምንም የለም። ጎረቤታችን እማማ ሳቁብኝ፦ «አውራ ዶሮ ያላየ እንቁላል ትታቀፋለህ እንዴ ልጄ?» የባዮሎጂ አስተማሪው እንግዲህ እኔ ነኝ። ሪታም ይህን ችግር ታውቀዋለች። በጦርነቱ ጊዜ በጣሊያኑ ፒየድሞንት ገጠር ከገበሬ ቤት ገበሬ ቤት እየዞረች፣ አውራ ካለበት ቤት የተገኘ እንቁላል ለልጆቼ ይሻላል እያለች ትለምን ነበር። ልጅ አልነበራትም።

ለሁለተኛው ዙር ከእማማ 10 የሐበሻ እንቁላል ወስጄ ሳልነካቸው ሰባት ቀን ጠበቅኩ። ተማሪዎቹ ፊት ስከፍታቸው ስድስቱ ሞተዋል። መቼ ሞቱ? በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ ሙቀቱ 41 ደርሶ ነበር። የትኛው እንደጨረሳቸው በምን ልወቅ? ያየሁት መጨረሻውን ብቻ ነው።

ለዓመታት ያወራሁት የሪታ ሥራ ያን ዕለት ገባኝ። የፅንስ ተመራማሪው ቪክቶር ሃምበርገር በ1934 ባወጣው ጥናት፣ ከጫጩት ፅንስ ላይ የክንፉ ቡቃያ ሲቆረጥ ወደዚያ የሚሄዱት የነርቭ ሴሎች እንደሚያንሱ አሳይቶ ነበር። ክንፉ «ነርቭ ሁኑ» የሚል መልእክት ስለሚልክ ነው፣ ያ ሲቀር ሴሎቹ አይፈጠሩም ብሎ አሰበ። ሪታና መምህሯ ጁሴፔ ሌቪ ያንኑ ቆረጡ፤ እነሱ ግን ፅንሶቹን በተለያየ ቀን እያወጡ፣ በብር ቀለም እያቀለሙ ቆጠሩ። ሴሎቹ ተፈጥረዋል፣ ክራቸውንም መዘርጋት ጀምረዋል፤ የሚሞቱት ከዚያ በኋላ ነው። የሚያቆያቸው ነገር ከክንፉ ሳይደርሳቸው ቀርቶ ነው።

ሃምበርገር ጋብዟት በ1947 ለጥቂት ወራት አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ሄደች፤ 30 ዓመት ገደማ ቆየች። በ1952 ዕጢ ያለባቸውን አይጦች በአውሮፕላን ይዛ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ወረደች። እዚያ ከዕጢው አጠገብ ከተቀመጠ የጫጩት የነርቭ ሴሎች ስብስብ ዙሪያ፣ ክሮቹ እንደ ፀሐይ ጨረር በቀሉ። ከዕጢው የሚወጣውን፣ ነርቮቹን የሚያቆየውንና የሚያሳድገውን ፕሮቲን፣ ማለትም ኔርቭ ግሮውዝ ፋክተርን፣ አጣርቶ ያወጣው ስታንሊ ኮኸን ነው፤ በ1986 ኖቤልን ሁለቱ ተካፈሉ።

ወደ ካርቶኔ ልመለስ። በሦስተኛው ዙር 15 እንቁላል አስገባሁ፤ የገቡበትን ቀንና ሰዓት በእርሳስ ጻፍኩባቸው። መብራት ሲጠፋ ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ ከጎናቸው አስቀመጥኩና ካርቶኑን በጋቢ ጠቀለልኩት። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ሁለት ከፈትን። ከመክፈት በፊት ፅንሱ ወደ ላይ እንዲመጣ እንቁላሉን ግማሽ ሰዓት በጎኑ ማስተኛት ነው። ከዚያ ከሰፊው ጫፍ በመርፌ ቀዳዳ አብጅቶ 3 ሚሊ ሊትር ያህል ነጩን በሲሪንጅ መሳብ። ይህን የዘነጋሁ ዕለት መቀሱ ገና ቅርፊቱን ሲያልፍ ደም ሥሩን በጠሰው።

በሦስተኛው ቀን የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ቀይ ነጥብ ትመታ ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዷ ልጅ ሰዓቷን እያየች ምቱን መቁጠር ጀመረች፤ ሳይቀዘቅዝ ክደኚው እያልኩ እንኳ አላቆመችም። ነርቮቹን አላየንም፤ ለዚያ ቀለሙም፣ ማይክሮስኮፑም፣ ፅንሱን በስስ በስሱ የሚቆርጥ መሣሪያም ያስፈልጋል።

የተረፈው አስኳል የት ገባ ብሎ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ሪታ ቤት ይጠበስ ነበር፤ ወንድሟ ጂኖ ከየት እንደሚመጣ ሲያውቅ ኦምሌት መብላት ተወ። የእኛ ለእማማ ውሻ ሆነ። ዘንድሮ 20 እንቁላል ስጠይቃቸው በያንዳንዱ ላይ አምስት ብር ጨመሩብኝ፦ «ለሳይንስ ነው ብለሃል፤ ሳይንስ ይክፈላ!»